ትከሻው ሰፋ፣ ማሰሪያው ወለቀ

የ80ዎቹን የወንዶች ፋሽን መቀለጃ ማድረግ ቀላል ነው። ከባለቤቱ ቀድሞ በር የሚገባ ትከሻ፣ በጄል የቆመ ፀጉር፣ ዓይን የሚወጋ ቀለም ያለው ቱታ። ለአንድ ምሽት ሳቅ ይህ ከበቂ በላይ ነው። የማወራው ስለ ፈረንጆቹ 1980ዎቹ ነው፤ ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታትም በእነሱ አቆጣጠር ናቸው።

የዚያን ዘመን ፎቶዎች ማየት እወዳለሁ። የመጽሔት ማስታወቂያ፣ የአልበም ሽፋን፣ የፊልም ፖስተር፣ ያገኘሁትን ሁሉ። ዓይኔን የሚይዘው ግን የተጨመረው ነገር አይደለም። የተቀነሰው ነው። ከኮት ውስጥ ሸራው ወጣ። ከአንገት ከረባት ወረደ። ከእግር ካልሲ ጠፋ። ከጫማ ማሰሪያ ተመዘዘ። ሰፊው ትከሻ ወሬውን ሁሉ ወሰደው እንጂ፣ ዛሬ ጠዋት ለብሰነው የወጣነው ያንን የተቀነሰውን ነው።

ከኮቱ ልጀምር፤ ብዙ የምለው ያለኝ እዚያ ላይ ነው።

አጎቴ የሰጠኝ አንድ አሮጌ ኮት አለ። ከ80ዎቹ በፊት የተሰፋ ነው። ከባድ ነው፤ ሲለብሱት ሳይወዱ በግድ ቀጥ ያደርጋል። እጅጌውን እንዲያሳጥሩልኝ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ጋ ወሰድኩት። ገበሩን በጎን በኩል ትንሽ ተረተሩና "ና እስቲ ልጄ፣ ውስጡን እየው" አሉኝ። ከደረት እስከ ታች ጠንካራ ሸራ ተዘርግቷል። ሸራው ላይ ደረቱን የሚያቆም ሌላ ድርብ አለ፤ የፈረስ ፀጉር የተሸመነበት። ትከሻው ላይ ጥጥ ተነባብሯል። ይህን ሁሉ የሚያያይዘው ከውጭ የማይታይ የእጅ ስፌት ነው። "ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ለምንድነው?" ስላቸው ሳቁብኝ። "አንተን ለማቆም ነዋ! አንተ ብትጎብጥ ኮቱ አይጎብጥም።"

የድሮው ስፌት ሐሳብ ይኸው ነው። ኮት ሰውነትን ሸፍኖ ብቻ አይተውም፤ ያርመዋል። ደረት የሌለው ደረት ያገኛል፤ ትከሻው የወረደ ትከሻው ይነሳል። ዋጋው ደግሞ ምቾት ነው። በእንዲህ ያለ ኮት ውስጥ ተደላድሎ መቀመጥ፣ እጅን ከፍ ማድረግ፣ መኪና መንዳት፣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይታገላል።

ጆርጆ አርማኒ ይህንን ግንብ አፈረሰው። የመጀመሪያው ሰው እሱ አልነበረም። የናፖሊ ልብስ ሰፊዎች ከ1930ዎቹ ጀምሮ እንደ ሸሚዝ የሚቀልል ኮት ይሰፉ ነበር። ያ ግን በልክ የሚሰፋ፣ የሚያውቅና የሚከፍል ሰው ብቻ የሚያገኘው ነበር። አርማኒ ያንን ቅለት ተሰፍቶ ወደሚሸጠው ልብስ አመጣው። ሰውዬው ፒያቼንዛ በምትባል የሰሜን ጣሊያን ከተማ በ1934 ተወለደ። ሕክምና ጀምሮ ተወው። ሚላኖ ውስጥ ላ ሪናሼንቴ በሚባል ትልቅ መደብር ሠራ፤ ቀጥሎ ለኒኖ ቼሩቲ የወንዶች ልብስ ነደፈ። በ1975 ከሰርጂዮ ጋሌዮቲ ጋር የራሱን ድርጅት አቋቋመ።

ያደረገው ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል። ሸራውን አወጣ። ገበሩን ቀነሰ፤ አንዳንዴም ጭራሽ ተወው። ቁልፎቹን ዝቅ አደረገ፤ ኮሌታው የሚታጠፍበትን ቦታም አብሮ አወረደ። ለሴት ልብስ ብቻ የሚታሰቡ ለስላሳ ጨርቆችን ለወንድ ቆረጠ። ቀለሙንም ከጥቁርና ከሰማያዊ አውጥቶ ግራጫም ቡናማም ወደማይባል ነገር ወሰደው። ውጤቱ ከሰውዬው ጋር የሚንቀሳቀስ ኮት ሆነ። ሲቀመጡ ይቀመጣል። ኪስ ውስጥ እጅ ሲከቱ ጨርቁ ይሸበሸባል፤ መሸብሸቡም ያምርበታል።

ዓለም ይህንን ያየው በሲኒማ ነው። በ1980 በወጣው አሜሪካን ጂጎሎ ሪቻርድ ጊር የአርማኒን ልብስ ለበሰ። ስለ ፊልሙ ምንም የማያስታውስ ሰው እንኳን አንድ ነገር ያስታውሳል፤ ዋናው ሰውዬ ኮቶቹን፣ ሸሚዞቹንና ከረባቶቹን አልጋ ላይ ዘርግቶ፣ ሙዚቃ ከፍቶ፣ የቱ ከየቱ እንደሚሄድ የሚያማርጥበትን። ወንድ ልጅ ልብስ ሲመርጥ በደስታ፣ ያለ እፍረት፣ ረዘም ላለ ጊዜ በትልቅ ስክሪን መታየቱ በራሱ አዲስ ነገር ነበር። በ1982 አርማኒ የታይም መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣ።

ታዲያ ትከሻውስ? እዚህ ላይ ሰው ግር ይለዋል። ቅለት ካልን ያ ሁሉ ስፋት ከየት መጣ? አስርቱ ዓመት እየገፋ ሲሄድ የአርማኒም ትከሻ ሰፍቷል፤ አልክድም። ግን የእሱ ትከሻ ሰፍቶ ወደ ታች የሚወርድ ነው፤ ጨርቁ ከላይ ተንጠልጥሎ ይፈሳል። ሌላው ገበያ የገለበጠው ስፋቱን ብቻ ነው። ለስላሳ ጨርቅና ጥሩ ቆረጣ ውድ ናቸው። ስፖንጅ ርካሽ ነው። ስለዚህ ስፖንጅ ተጠቀጠቀ። ዛሬ የምንስቅበት ኮት፣ በእኔ ግምት፣ በአብዛኛው የዚህ ርካሽ ግልባጭ ልጅ ነው።

አርማኒ በመስከረም 2025 በ91 ዓመቱ ሲሞት ብዙ ሰው የፊልም ኮከቦችን ቀሚስና ቀይ ምንጣፉን አነሳ። እኔ ያሰብኩት ስለ ሌላ ነገር ነው። ዛሬ ማንኛውም መካከለኛ ሱቅ ውስጥ ገበር የሌለው፣ ትከሻው ባዶ የሆነ፣ ተጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ኮት አለ። ከሹራብ ጨርቅ የሚሠራም አለ። ቢሮም ይለበሳል፣ ሠርግም ይኬድበታል። ማንም ቆም ብሎ ይሄ ከየት መጣ አይልም። ፋሽን ከዚህ በላይ ምን ያሸንፋል?

ከኮቱ ቀጥሎ ከረባቱ ወረደ። እዚህ ላይ ቴሌቪዥን ትልቅ ድርሻ አለው። ማያሚ ቫይስ የተባለው ተከታታይ ድራማ በ1984 ጀመረ፤ እስከ 1989 ታየ። ዶን ጆንሰን ፖሊስ ሆኖ ሲተውን ነጭ የበፍታ ኮት ለበሰ፤ ከውስጥ ሸሚዝ ሳይሆን ካናቴራ። እጅጌውን ወደ ላይ ሰበሰበው። ጫማውን ያለ ካልሲ አጠለቀ። ጢሙንም ሁለት ሦስት ቀን ያልተላጨ አስመሰለው። አሁን ይህ ምንም አያስደንቅም። በጊዜው ግን ኮት ማለት ከሸሚዝና ከከረባት ጋር የመጣ ሙሉ ጥቅል ነበር። ጥቅሉ ተፈታ። ኮት ከቲሸርት ጋር፣ ኮት ከጂንስ ጋር፣ ኮት ከስኒከር ጋር፤ ይህ ሁሉ ከዚያ በኋላ ተራ ነገር ሆነ።

ስለ ካልሲው ግን አንድ ነገር ልበል። ያለ ካልሲ ጫማ ማድረግ በስክሪን ላይ ያምራል፤ ስክሪን አይሸትም። ኋላ ላይ ሰው ይህ ሲገባው ከጫማው አፍ በታች የሚደበቅ አጭር ካልሲ ሱቁን ሞላው። ካልሲ አላደረግሁም ለማለት ካልሲ መግዛት! እኔም አለኝ፤ ተረከዝ ላይ እየሸሸ ከእግር ጣት ጋር የሚቀበረውን ማለቴ ነው።

ማስታወቂያው ሳይቀር የማውለቅ ነበር። በ1982 ካልቪን ክላይን የወንዶች የውስጥ ሱሪ ይዞ መጣ። ብሩስ ዌበር ሳንቶሪኒ ደሴት ላይ ያነሳው የምርኩዝ ዘላዩ ቶም ሂንትናውስ ፎቶ ኒውዮርክ ታይምስ ስኩዌር ላይ በግዙፉ ተሰቀለ፤ ከነጭ የውስጥ ሱሪ በቀር ምንም የለበሰ አልነበረም። በ1985 ደግሞ የእንግሊዙ የሊቫይስ ማስታወቂያ ኒክ ኬመንን ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ጂንሱን አስወልቆ በቁምጣ አስቀመጠው። ጂንስ ለመሸጥ ጂንስ ማስወለቅ፤ ብልህነቱን አደንቃለሁ። ከዚያ በፊት በልብስ ማስታወቂያ ሰውነቷ የሚታየው በአብዛኛው ሴቷ ነበረች። ወንዱም ተራው ደረሰው።

አሁን ወደ ጫማው። ከኮቱ ይልቅ እዚህ ላይ የመጣው ለውጥ የብዙ ሰው እግር ነክቷል።

አዲዳስ ሱፐርስታር በ1969 ለቅርጫት ኳስ የተሠራ ጫማ ነው። በ80ዎቹ መጀመሪያ ለስፖርቱ አርጅቶ ነበር። ኒውዮርክ፣ ኩዊንስ ውስጥ ሆሊስ ከሚባል ሰፈር የወጡት የራፕ ቡድኑ የራን ዲኤምሲ ልጆች ግን አነሱት። ጥቁር ባርኔጣ፣ ጥቁር የቆዳ ልብስ፣ ወፍራም የወርቅ ሰንሰለት፣ ነጩ ሱፐርስታር ያለ ማሰሪያ፣ ምላሱ ወደ ላይ ቆሞ። ያለ ማሰሪያ ማድረጉ የእስር ቤት ትዝታ ነበረው፤ እስረኛ ራሱን እንዳይጎዳበት የጫማው ማሰሪያ ይወሰድበታልና። ሌላው ሰው ነውር የሚለውን እነሱ መዘነጫ አደረጉት። ከእነሱ በፊት የነበሩ ብዙ የሂፕ ሆፕ ቡድኖች መድረክ ላይ በላባና በአብረቅራቂ ቆዳ ይወጡ ነበር። ራን ዲኤምሲ መንገድ ላይ የሚለብሱትን ለብሰው መድረክ ላይ ወጡ። አራዳነታቸው እዚህ ላይ ነው።

በ1986 ስለዚሁ ጫማ ዘፈን አወጡ፤ ማይ አዲዳስ። በዚያው ዓመት ክረምት ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ሲዘፍኑ ታዳሚው ጫማውን አውልቆ ከፍ እንዲያደርግ ጠየቁ። በሺዎች የሚቆጠር ጫማ ወደ ላይ ተነሳ። የአዲዳስ ሰዎች አዳራሹ ውስጥ ነበሩ። 1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ስምምነት ተከተለ። እስከዚያ ድረስ የስፖርት ጫማ ኩባንያ ገንዘብ የሚከፍለው ለስፖርተኛ ነበር። ዛሬ ዘፋኝ በስሙ ጫማ ሲወጣለት ማንም አይገርመውም።

ሌላው ወገን ማይክል ጆርዳን ነው። ናይኪ በ1984 አስፈረመው፤ የመጀመሪያው ኤር ጆርዳን በ1985 በ65 ዶላር ገበያ ወጣ። የቅርጫት ኳሱ ማኅበር፣ ኤንቢኤ፣ የቀይና ጥቁሩን ጫማ ቀለም አልተቀበለም፤ ተጫዋቾች ከቡድናቸው መለያ ጋር የሚስማማ ጫማ ማድረግ ነበረባቸው። ናይኪ ክልከላውን ማስታወቂያ አደረገው። ተከልክሏል የተባለ ነገር እንዴት እንደሚፈለግ ታውቃላችሁ። በመጀመሪያው ዓመት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሸጠ።

ከዚያ በኋላ ስኒከር የስፖርት ዕቃ መሆኑ አበቃ። ለማሰባሰብ የሚገዛ፣ ሳይደረግ ሳጥኑ ውስጥ የሚቀመጥ፣ ከኮት ጋር የሚሄድ፣ ለሠርግ የሚፈቀድ ሆነ። ይህንን ሁሉ እወደዋለሁ ማለት አይደለም። ሳጥን ውስጥ የሚቀመጥ ጫማ አይገባኝም። ጫማ ነው፤ ይደረግ።

በዚያው ዘመን ሚላኖ ውስጥ ፓኒናሪ የሚባሉ ወጣቶችም ተመሳሳይ ነገር አድርገዋል። ተራራ ለሚወጣ ሰው የተሠራውን የሞንክሌር ላባ የተሞላ ጃኬትና ለሠራተኛ የተሠራውን የቲምበርላንድ ቦት ጫማ አምጥተው ሳንድዊች ቤት በር ላይ ለብሰውት ይቆሙ ነበር። ዛሬ በየከተማው ብርድ ሲመጣ የምናየው ያበጠ ጃኬት ተራራ አይቶ አያውቅም። ማንም አይጠይቀውም።

ስለ 80ዎቹ ስናወራ የማይቀር አንድ ስም ዳፐር ዳን ነው። ትክክለኛ ስሙ ዳንኤል ዴይ። በ1982 ኒውዮርክ፣ ሃርለም በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ 125ኛው መንገድ ላይ ሌት ተቀን የማይዘጋ ሱቅ ከፈተ። የቅንጦት ፋሽን ቤቶቹን የጉቺን፣ የሉዊ ቪቶንን፣ የፌንዲን ምልክት በቆዳ ላይ እያተመ ኮት፣ ጃኬትና የመኪና ወንበር ልብስ ይሠራ ነበር። ብዙዎቹ ልብሶች እነዚያ ቤቶች ራሳቸው ሠርተው የማያውቋቸው ናቸው። ደንበኞቹ ራፐሮች፣ ቦክሰኞች፣ የሰፈር ቁማርተኞች። በ1988 ማይክ ታይሰን በውድቅት ሌሊት ሱቁ ደጃፍ ላይ ከሌላ ቦክሰኛ ጋር ተደባደበና ጋዜጠኛው ሁሉ ይህ ሱቅ ምንድነው ብሎ መጣ። የቅንጦት ቤቶቹ ጠበቆችም ሰሙ። በ1992 ተዘጋ።

ሕጉን በተመለከተ ቤቶቹ መብት ነበራቸው፤ የሰው ምልክት የሰው ነው። ግን በ2017 ምን ሆነ? ጉቺ እጅጌው የተነፋ፣ በምልክት የተሞላ አንድ ጃኬት በትርዒት አቀረበ። ዳፐር ዳን በ1989 ለኦሎምፒክ ሯጯ ዳያን ዲክሰን ከሠራው ጋር እጅግ ይመሳሰል ነበር። ሰው በማኅበራዊ ሚዲያ ጮኸ። ጉቺ የዳፐር ዳን ክብር መግለጫ ነው አለ። ከዚያም አብረው መሥራት ጀመሩ፤ በ2018 ሃርለም ውስጥ በጉቺ ድጋፍ የልብስ ስፌት ቤቱ እንደገና ተከፈተ። ትናንት የከሰሰው ዓለም ዛሬ ቀጠረው። ዛሬ የቅንጦት ቤቶች ስማቸውን ከላይ እስከ ታች ጽፈው የሚሸጡት ልብስ የዚያን ሱቅ መንገድ የተከተለ ነው።

ጃፓኖቹን ብዘል ግፍ ነው። በ1981 ዲዛይነሮቹ ሬይ ካዋኩቦና ዮጂ ያማሞቶ ፓሪስ መጡ። ጥቁር፣ ሰፊ፣ ያለቀለት የማይመስል፣ ጠርዙ የተተወ ልብስ ይዘው። ከጋዜጠኞቹ አንዳንዱ ተሳደበ። ብዙ አልቆየም፤ አርቲስቱና አርክቴክቱ ሁሉ ዮጂን ለበሰ። ከሰውነት ርቆ የሚቆም ልብስ ለወንድ ማለት እነሱ ናቸው። ዘፋኙ ዴቪድ በርን ደግሞ በራሱ መንገድ እዚያው ደረሰ። በ1984 በወጣው ስቶፕ ሜኪንግ ሴንስ የኮንሰርት ፊልም ላይ ያን ግዙፍ ሙሉ ልብስ ለብሶ የወጣው ከጃፓን የኖ ቲያትር ተነሳስቶ ነው። ጭንቅላቴ ትንሽ እንዲመስል ፈልጌ ነበር፤ ቀላሉ መንገድ ሰውነቴን ማተለቅ ነው ሲል አስረድቷል። ፊልሙ በ2023 ታድሶ እንደገና ሲኒማ ቤት ሲገባ፣ ያ ልብስ ከተመልካቹ ልብስ ብዙም አይርቅም ነበር። ዲዛይነሩ ቨርጂል አብሎ በ2018 ለሉዊ ቪቶን ባቀረበው የመጀመሪያ የወንዶች ትርዒት ሰፋፊ ነጭ ልብሶች ካሳየ ወዲህ፣ ጠባቡ ሱሪና ሰውነት ላይ የሚጣበቀው ኮት ፋራ እየሆነ ሄዷል።

የዎል ስትሪቱን፣ የኒውዮርኩን የአክሲዮን ገበያ፣ ሰውዬ በአጭሩ ላሳልፈው። ነጭ ኮሌታ ያለው ባለ ቀለም ሸሚዝ፣ የሱሪ ማንገቻ፣ ባለ ሁለት ረድፍ ቁልፍ ኮት። ማይክል ዳግላስ ጎርደን ጌኮን ሆኖ የተወነበት ፊልም በታኅሣሥ 1987 ወጣ፤ ከሁለት ወር በፊት፣ ጥቅምት 19 ቀን፣ የዳው ጆንስ የአክሲዮን መለኪያ በአንድ ቀን 22.6 በመቶ ወድቆ ነበር። ያ ልብስ የ80ዎቹ ምልክት ተብሎ በሁሉም ቦታ ይሳላል። ግን ከዚያ ሁሉ ዛሬ ማን ምን ለበሰ? ማንገቻው ለሙሽራ ቀርቷል።

በዚያው ዘመን የተሠሩት ሁለት የእጅ ሰዓቶች ግን ዛሬም አሉ። ካሲዮ ጂ ሾክ በ1983 ወጣ፤ መሐንዲሱ ኪኩኦ ኢቤ ወድቆ የማይሰበር ሰዓት ለመሥራት ተነስቶ። ስዊሶቹም በዚያው ዓመት ፕላስቲኩን ስዋች ይዘው መጡ። ሁለቱም የወንድ ሰዓት ወርቅ መምሰል የለበትም ባይ ናቸው።

የዘመኑ ልብስ በድሮ ዕቃ ሱቆች ዋጋው ጨምሯል። ሰፊ ትከሻ፣ ከወገብ ላይ እጥፋት ያለው ሰፊ ሱሪ፣ ወጣቶቹ ይሻሙበታል። እጥፋት ያለውን ሱሪ እኔም ተቀብያለሁ፤ መቀመጥ ለሚወድ ሰው ከእሱ የተሻለ ሱሪ አልተሰፋም። ኮቱን በተመለከተ ግን መምረጥ ያስፈልጋል። የምመርጠው እንዲህ ነው። ከቁልፉ በታች ያለውን ጨርቅ የፊቱንና የኋላውን በጣት ቆንጥጬ እለያያለሁ። በመካከል ሌላ ነገር ሲንሸራተት ከተሰማኝ ሸራው የተሰፋ ነው። ምንም ካልተሰማኝና ጨርቁ ራሱ ከደረቀ በሙጫ የተለጠፈ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ደረቱ ላይ እንደ ውሃ አረፋ ሊያብጥ ይችላል፤ ካበጠ ደግሞ መፍትሔ ማግኘት ይከብዳል።

ከዚያ ትከሻው። ስፌቱ ከራሴ ትከሻ አጥንት ብዙ ካለፈ እመልሰዋለሁ። ሻጩ "ስፖንጁን ታወጣዋለህ" ይላል። ማውጣቱ ቀላል ነው። ለስፖንጁ ተብሎ የተቆረጠው ጨርቅ ግን ባዶውን ሲቀር ይወድቃል። ትከሻን ማጥበብ እጅጌውን ነቅሎ፣ ቆርጦ፣ እንደገና መግጠም ነው፤ እጅ ያለው ልብስ ሰፊ ለዚህ የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ ከኮቱ ዋጋ ይበልጣል።